ዋንዛውን የሚቦጭቅ መላጊያ

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጥያቄ ልከውልኛል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በትርፍ ጊዜያቸው በእጅ መሣሪያ እንጨት ሲሠሩ ኖረዋል። አሁን ለልጅ ልጃቸው የልብስ ሣጥን ለመሥራት ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የዋንዛ ጣውላ አግኝተዋል። መላጊያቸው የጣውላውን ዳር አለስልሶ ይሄድና መሀሉ ላይ ሲደርስ ይቦጭቀዋል፤ ጣውላውን አዙረው ከሌላኛው ጫፍ ሲልጉት ደግሞ ቀድሞ ለስላሳ የነበረው ይቦጨቃል። «ምላጩን ስዬዋለሁ፤ የኤሌክትሪክ መላጊያ ልግዛ ወይ?» ይላሉ።

የተከበሩ መምህር፣ አይግዙ። ይህን ጣውላ የኤሌክትሪኩም መላጊያ ይቦጭቀዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨቱ አስተዳደግ ነው። አንዳንድ ግንድ እያደገ ሲሄድ ክሩ በአንዱ ዘመን ወደ ቀኝ፣ በሌላው ዘመን ወደ ግራ ይጠማዘዛል። እንዲህ ያለው ግንድ ወደ ጣውላ ሲሰነጠቅ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ክርና ወደ ታች የሚጠልቀው ክር ጎን ለጎን ይገኛሉ። መላጊያው ከሚወጣው ክር ጋር ሲሄድ ይቆርጣል፤ ወደሚጠልቀው ሲደርስ ግን ምላጩ እንደ ሽብልቅ እየገባ ክሩን ከመቁረጡ በፊት ይፈነቅለዋል፣ ስንጥቁም ከስለቱ ቀድሞ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ለዚህ ነው ጣውላውን ማዞር ጉዳቱን ከቦታ ቦታ ከማዘዋወር ያለፈ ያልጠቀመዎት።

መፍትሔው በእጅዎ ባለው መላጊያ ውስጥ ነው። የብረት መላጊያ ከሆነ፣ ከምላጩ በላይ በብሎን የታሰረ ሌላ ብረት አለው። ብዙ ሰው ይህ ተደራቢ ብረት ምላጩን አጥብቆ ለመያዝ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል፤ እኔም በተለማማጅነት ዘመኔ እንዲሁ አምኜ አንድ ጥሩ የበር ጣውላ አበላሽቻለሁ። ዋናው ሥራው ግን ፍቅፋቂው ከስለቱ እንደተነሣ ወዲያው ወደ ፊት አጥፎ መስበር ነው። የታጠፈ ፍቅፋቂ ከፊቱ ያለውን ክር የመፈንቀል ጉልበት ስለማይኖረው ስንጥቁ ሳይሮጥ ይቀራል።

ስለዚህ የተደራቢውን ጫፍ ከስለቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ፣ ማለትም የሁለት የደብተር ሉሆች ውፍረት ያህል፣ እስኪርቅ ድረስ ያስጠጉት። ከመላጊያ ጋር የሚሸጡ ተደራቢዎች ጫፋቸው ብዙ ጊዜ ሸካራ ነው። በሞረድና በመሳያ ድንጋይ አስተካክለው የፊቱን ጠርዝ ወደ 50 ዲግሪ ያቁሙት፤ ከምላጩ ጋር አጣምረው ወደ መስኮት ሲያዩት በመካከላቸው የብርሃን ጭረት መታየት የለበትም፣ ፍቅፋቂ ገብቶ ይወተፍበታልና። በትክክል ሲቀመጥ ፍቅፋቂው እንደ ቀለበት መጠቅለሉን ትቶ ከመላጊያው አፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እየተጨማደደ ከወጣና መላጊያው ለመግፋት ከከበደዎት ግን ከልክ በላይ አስጠግተውታል፤ በጣም ጥቂት ያሽሹት።

ምላጩን ስዬዋለሁ ብለዋል፤ በምን እንደሳሉት ግን አልገለጹም። የሞተር ድንጋይ ቅርጽ ያወጣል እንጂ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ስለት አይሰጥም። ጥሩ ድንጋይ ካላገኙ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ዘርግተው በ400፣ በ1000፣ በመጨረሻም በ2000 ቁጥር ይሳሉት። በምላጩ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር በመሳሉ ወደ ጀርባ የታጠፈ ቀጭን ሸካራ የብረት ጠርዝ በጣትዎ እስኪሰማዎት ድረስ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው አይለፉ። ቀጥሎም ጀርባውን ጠፍጣፋ አድርገው ጥቂት ጊዜ ይሳቡት፣ በቆዳም ይጥረጉት። የሚፈትኑት በለስላሳ የጥድ ቁራጭ ጫፍ ላይ ነው፤ ቁራጩን ሳያደቅ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ፊት ከተወ በቂ ነው።

መላጊያዎ ተደራቢ የሌለው የእንጨት መላጊያ ከሆነ፣ በምላጩ ጠፍጣፋ ጀርባ ጫፍ ላይ በጣም ጠባብ የ15 ዲግሪ ስል ያውጡለት። ምላጩ በ45 ዲግሪ የተቀመጠ ከሆነ እንጨቱን የሚያገኘው በ60 ዲግሪ ይሆናል፤ ለመግፋት ይከብዳል፣ ነገር ግን ክር አይፈነቅልም።

አሁን የተቦጨቀውን በተመለከተ፣ ጉድጓዱን ለይተው አይልጉት፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ብርሃን ያጋልጠዋል። በመጀመሪያ ጣውላውን በአግድሙ ይላጉት፤ ክሩን አቋርጠው ሲሄዱ ወደ ታች የሚጠልቅ ስንጥቅ አይፈጠርም፤ መላጊያው ከጣውላው በሚወጣበት በኩል ያለውን ጠርዝ ግን እንዳይሰነጠር አስቀድመው በትንሹ ያፍርሱት። ጉድጓዱ ሊጠፋ ሲቃረብ ምላጩን ወደ ኋላ ሰብስበው በርዝመቱ እጅግ ስስ ፍቅፋቂ እያወጡ ይጨርሱ። በጉጥ ዙሪያ አሁንም የሚያስቸግር ካለ፣ ከአሮጌ መጋዝ የተቆረጠ ጠርዘ ቀጥ ብረት ወይም አናጢዎቻችን የሚጠቀሙበት የመስታወት ስባሪ ይፍቀው፤ መስታወቱን ሲይዙ ወፍራም ጨርቅ ይጠቀሙ።

ዋንዛ በቀላሉ የሚተካ እንጨት ስላልሆነ፣ ይህን ሁሉ በሣጥኑ ውስጥ በሚቀረው በጣውላው ጀርባ ላይ ሞክረው እጅዎ ሲለምደው ብቻ ወደ ፊቱ ይለፉ።