ለጠየቅሽው፦ ሆስፒታል ሲገነባ ጎረቤት ምን ይነገረው፣ መቼስ ይነገረው?

እህቴ፣ «የሕጻናት ሆስፒታል ማስፋፊያ ላይ ከነዋሪው ጋር የመገናኘት ሥራ ተሰጥቶኛል፤ የቴሌግራም ቻናልና በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ይበቃል ወይ?» ብለሻል። አይበቃም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የሕጻናት ሕክምና ሕንጻ ሲሠራ ከመሠረት ቁፋሮ እስከ ርክክብ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የሚጠብቅሽን በደንብ አውቀዋለሁ። ነዋሪውን ሰብስቦ ስለ ፕሮጀክቱ ጠቀሜታ መናገሩን፣ የሕንጻውን ባለቀለም ሥዕል አጥር ላይ መስቀሉን አለቆችሽ ያለ አንቺም ያደርጉታል። አንቺ ወደሚከተለው እለፊ።

1. ጎረቤት ማወቅ የሚፈልገው እሱን የሚነካውን ነው። ሕንጻው ስንት አልጋ እንደሚይዝ አያስጨንቀውም፤ ውሃ የሚቋረጠው የትኛው ቀን ነው፣ ገልባጭ መኪናው በየትኛው መንገድ ይገባል፣ የአርማታ ሙሌቱ ለምን ሌሊት ሆነ፣ ይኸው ነው። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በከተማው የከባድ መኪና የቀን እንቅስቃሴ ስለተገደበ አሸዋውም፣ ጠጠሩም፣ አርማታ የሚያመላልሰው ሚክሰር መኪናም የሚመጣው ሰው ሲተኛ ነው። ይህን የማያውቅ ነዋሪ ተቋራጩ ሰፈሩን ንቆ የሚበጠብጠው ይመስለዋል። አርማታ አንዴ ከተጀመረ መሃል ላይ እንደማይቆም፣ ከቆመም የቀድሞውና የኋለኛው ሙሌት በደንብ እንደማይያያዝ አስረጂያቸው። «እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንጨርሳለን» የሚል ቃል ግን አትግቢ፤ ካቦው ራሱ መቼ እንደሚጨርስ አያውቅም።

ሲሰረዝም ንገሪ! ሲሚንቶ አልመጣም፣ ዝናብ ጣለ፣ ፓምፑ ተበላሸ ተብሎ ሙሌቱ ሲቀር ለጎረቤት ማንም ትንፍሽ አይልም። የሙሌቱን ጩኸት ሸሽታ አራስ ልጇን አቅፋ እናቷ ቤት ያደረች አንዲት እናት በማግስቱ ስትመለስ የቀረው ሙሌት በዚያው ሌሊት ተጀመረ። የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

2. የመጀመሪያዎቹ ጎረቤቶችሽ ግቢው ውስጥ ናቸው። በነባሩ ክፍል የተኙትን ሕጻናትና አስታማሚዎቻቸውን ማለቴ ነው፤ ይህን የሚያስታውስ መሐንዲስ እስካሁን አላየሁም። ማፍረስና ቁፋሮ ከሚያስነሡት አቧራ ጋር አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ይበናል። ጤነኛ ሰው ቢተነፍሰው ብዙም አይጎዳውም፤ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ልጅ ግን ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የማፍረሱ ፕሮግራም ለክፍሉ ኃላፊ ነርስ አስቀድሞ ይድረስ፤ መስኮት ይዘጋል፣ ልጆች ወደ ሌላኛው ወገን ይዛወራሉ። ከክፍለ ሀገር መጥተው ኮሪደር ላይ የሚያድሩት እናቶችስ ቴሌግራምሽን መቼ ያዩታል? አማርኛ የማይሰሙም አሉ። እኔ ኦሮምኛ የምትናገር የጽዳት ሠራተኛ ይዤ አልጋ ለአልጋ እዞር ነበር። የእሷን ያህል የሠራ የለም። አበል ጠይቄላት ተከለከለች፤ አሁንም ያናድደኛል።

3. ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤቱን ግድግዳ ፎቶ አንሺ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

የእኛ ሕንጻ ምድር ቤት ነበረው፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። በአጥሩ ማዶ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ አሮጌ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት ቤት ለቤት ሄደን ግድግዳውን፣ ወለሉንና አጥሩን ከባለቤቱ ጋር ፎቶ እናንሣ፣ ቀን ጽፈን እንፈራረም፣ አንድ ቅጂ እሱ ጋ አንድ ቅጂ እኛ ጋ ይቅር ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። የፕሮጀክቱ ቢሮ «የሌለ ጥያቄ አትቀስቅሺ» አለኝ። ስለ ቁፋሮው ለነዋሪው የሚበተነው ማስታወቂያ ደግሞ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም ካላረፈበት አይወጣም ተባለ። ማስታወቂያው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተኛ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል፣ ኃላፊው ነገ። በመጨረሻ ሳገኛቸው ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ሕዝቡን ለምን ታነሣሽብናለሽ?» አሉኝ። ማኅተሙ የተመታው ኤክስካቫተሩ ግማሹን አፈር ካወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ የአንዲት አዛውንት ግድግዳ ተሰነጠቀ። ቁፋሮው ነው ያመጣው ወይስ ድሮም ነበረ? የሚያረጋግጥ ማስረጃ በማንም እጅ የለም። ወሬው ሲዛመት የመስመሩ ቤቶች ሁሉ ስንጥቃቸውን ማሳየት ጀመሩ። ከመካከላቸው በደርግ ዘመን የተሰነጠቀ እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ቡና ላይ አጫውቶኛል፤ ግን ምን ብዬ ልመስክር? ነዋሪው በር ላይ ቆመ፣ መኪና ተሰለፈ፣ ሥራው ቆመ። ተቋራጩ አዲሱንም አሮጌውንም ስንጥቅ አስጠገነ። ካሜራ ይዞ ለመዞር የሚያስፈልገውን ወጪ አስቢና ከዚህ ጋር አስተያዪው። እኚያው ኃላፊ ለቁጥጥር ሲመጡ ደግሞ በሰው ፊት «ነዋሪው አስቀድሞ ለምን አልተነገረውም?» ብለው ጠየቁኝ!

በሌላኛው ወገን ቁፋሮ ሲደርስ ማንንም አላስፈቀድኩም፤ የተቋራጩን ቀያሽ ይዤ ቤት ለቤት ገባሁ። ፎቶ አነሣን፤ በነበሩት ስንጥቆች ላይ ጂፕሰም በስሱ ለጥፈን ቀን ጻፍንበት። ስንጥቁ ከሰፋ ጂፕሰሙ ይሰበራል፣ ካልሰፋ እንዳለ ይቆያል፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። ሰዉ ጂፕሰሙን ራሱ እየተመለከተ ይደውልልኝ ጀመር። አንዱ ተሰብሮ ባለቤቱ በማለዳ ነገረኝ፤ ያን ቀን የቁፋሮው ጠርዝ ተጨማሪ ድጋፍ ገባለት፣ ግድግዳውም ቆመ። በዚያ ወገን አንድም ቀን ሥራ አልተቋረጠም። ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ እኮራበታለሁ።

ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አይጠፉም ነበር። የመጀመሪያው በግንባታ ጊዜ ለአጎራባች ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዝዝ ነበር፤ ሁለተኛው የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ይጠይቅ ነበር። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል መሆኑን በቃልሽ ያዢ። እንዲህ ያሉት የሚጠቅሙሽ ቢሮ ስትገቢ ነው። ጎረቤት ጋ አዋጅ ይዘሽ አትሂጂ።

4. ዕድር። የዕድሩን ሰብሳቢ ስልክ ያዢ፣ ስልክሽን ስጪያቸው ልልሽ ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያ ያልፋል። አንድ ንጋት ሰብሳቢው ደውለው «ሌሊት ሰው ሞቶብናል፤ ድንኳኑ የሚተከለው መኪናችሁ በሚገባበት መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። የዚያን ምሽት ትልቅ ሙሌት ነበረን፤ አርማታው ገና ስላልታዘዘ ሙሌቱን ወደ ሌላ ቀን አዞርነው። ባይደውሉልኝ ኖሮ ሚክሰሩ አርማታውን እያዞረ ከለቀስተኛ ጋር ይፋጠጥ ነበር። ፎርማኑና ሠራተኞቹም ለቅሶ ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጩኸት የሚመጣው ቅሬታ ቀነሰ።

የቆሻሻ ማቃጠያውን ነገር ሳይጠይቁሽ አንሺው። ሰው ሆስፒታል ሲባል የሚፈራው ጭሱን ነው፤ የት እንደሚተከልና ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ከአማካሪ መሐንዲሱ ጠይቀሽ ተዘጋጂ።

ቴሌግራሙን ክፈቺ፣ ግን አስተያየት መስጫውን አትዝጊ፤ ከአጥሩ ጥግ ያሉት ሽማግሌዎችም ስልካቸው ቴሌግራም እንደማይከፍት አስቢ። የፎቶ መመዝገቢያ ቅጹን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ። ቁፋሮው ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ ኤክስካቫተሩ ገና ካልደረሰበት ወገን ጀምሪ፤ ነገ ጠዋት፣ ማኅተም ሳትጠብቂ።