ብቻዬን መሥራት መምረጤ ራስ ወዳድነት ነው?

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ባንክ ቤት ሁለት ዓመት ሠርተሽ ለቀቅሽ፤ አሁን ከቤትሽ ሆነሽ ለአንድ የውጭ ድርጅት በኮንትራት ሒሳብ ትሠሪያለሽ፤ ክፍያውም ይሻላል። እናትሽ ግን «ከሰው ተለየሽ፣ ለቅሶ እንኳ አትደርሺም» ይሉሻል። አንቺም «ራስ ወዳድ ሆኜ ነው? ካልሆነስ ማታ ማታ ለምን ይከፋኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ራስ ወዳድ አይደለሽም። በራስ ፈቃድ መኖርና ብቻን መኖር ግን ተደባልቀውብሻል። በ2003 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ የተሠራ የሥነ ልቦና ጥናት አለ። ለእኔ ሥራ ትልቅ ትምህርት ሆኖኛል፦ ሰው የሚያደርገው ነገር ከቡድን የሚያስተሳስረውም ይሁን ለብቻው የሚያቆመው፣ አምኖበት የሚያደርገው ሰው በኑሮው ተሽሎ ይገኛል፤ በጫና የሚያደርገው ግን አይደለም። ይሉኝታ ይዞሽ የሄድሽበት ሰርግ ቢያደክምሽ አይግረምሽ።

ከደብዳቤሽ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ባንክ ሳለሽ ለስድስት ሆናችሁ የምሳ ዕቃችሁን ከፍታችሁ አንድ ላይ ትበሉ እንደነበር፣ የአንዷ ሽሮ ሁሌ ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ አሁንም ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እጅሽ ወደ ስልክ እንደሚሄድ ጽፈሻል። ማታ የሚያስከፋሽ የዚህ መቅረት ይመስለኛል። እኔም ቢሮ ለቅቄ ቤት በሠራሁበት ዓመት ከባለሱቁ በቀር ማንንም ሳላናግር የመሸባቸው ቀናት ነበሩ፤ ሥራውን የጠላሁት መስሎኝ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሥራውን አትልቀቂ። ዓርብ ዓርብ ምሳ ከእነዚያው ልጆች ጋር ብዪ። ደውለሽ ቀኑን ቁረጪ፤ «እንገናኝ» ተባብሎ መለያየት የትም አያደርስም። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሰው ባለበት ቦታ፣ ቤተ መጻሕፍትም ይሁን የጋራ ቢሮ፣ ሥሪ።

ለእናትሽ የሥራ ሰዓትሽን ንገሪያቸው። ቤት ስለምትውዪ ሥራ ላይ ያለሽ አይመስላቸው ይሆናል። የትኛው ለቅሶ ቀብር ድረስ እንደሚያስኬድሽ፣ የትኛውን በሰንበት እንደምትደርሺ አብራችሁ ተነጋገሩ።

ዕድሩን ግን እንዳትንቂው። ባንክ ሳለሽ ለጡረታሽ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ 11 በመቶ ደግሞ ባንኩ ይጨምርልሽ ነበር። በኮንትራት ስትሠሪ ያን የሚጨምርልሽ የለም፤ ስለዚህ በየወሩ ራስሽ ቆጥቢ። ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው ግን ጎረቤት ነው። የዕድር ሥራም ድንኳንና ንፍሮ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱን ሒሳብ የሚመረምር ሰው ይፈለጋል፣ አንቺ ደግሞ ሙያሽ ይኸው ነው። መዋጮ ከፍሎ ከመጥፋት በምታውቂው ገብተሽ ብታገለግዪ ልብሽም አብሮ ይገባል። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያቸውና መዝገቡን ለማየት ፈቃደኛ እንደሆንሽ ለሰብሳቢው ያስነግሩልሽ።