መልስ፦ ቶፕ ኮት ስቀባ የሠራሁት አበባ ለምን ይበላሻል?

ቀይ የጥፍር ቀለም ላይ የሠራሽው ነጭ አበባ ቶፕ ኮት (መጨረሻ ላይ ከላይ የሚቀባው ግልጽ ቅብ) ሲነካው የሚሰራጨው ነጥቦቹ ላያቸው ደርቆ ውስጣቸው ገና እርጥብ ስለሆነ ነው። ቶፕ ኮቱ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ያለሰልሳቸዋል፣ ብሩሹ ደግሞ እየጎተተ ይወስዳቸዋል። ቶፕ ኮት መቀየር አያስፈልግሽም፤ አቀባቡን ቀይሪው።

1. ቀዩን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገሽ ቀቢ። ከሁለተኛው በኋላ 10 ደቂቃ ጠብቂ።

2. ነጩን በጠርሙሱ ብሩሽ አትሥሪ። አንድ ሁለት ጠብታ ፎይል ላይ አፍስሺና በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ እየነከርሽ አምስት ነጥብ በክብ አስቀምጪ፤ መሃሉ ላይ አንድ ቢጫ። ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደገና ንከሪ፣ አለዚያ ቅጠሎቹ እያነሱ ይሄዳሉ። ቀለሙ እንደ ክር መሳብ ከጀመረ ተዪውና አዲስ ጠብታ አፍስሺ።

3. ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይድረቅ። የምትቸኩይው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጥቡ ከፍ ብሎ ከታየ ጨምሪለት።

4. ብሩሹ ላይ ቶፕ ኮቱ በዛ ያለ ይሁን። ብሩሹን አስተኝተሽ ፈሳሹን ብቻ እየገፋሽ፣ ጸጉሩ አበባውን ሳይነካ፣ አንዴ አሳልፊው። በዚያው መስመር አትመለሺበት። የጥፍሩንም ጠርዝ ቀቢ፤ ቶሎ እንዳይላጥ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ነጩ ስለወፈረ ብለሽ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) አትጨምሪበት። ለጊዜው ይቀጥናል፣ ግን ቀለሙን ያበላሸዋል፤ ጥፍር ላይ ደብዝዞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለጥፍር ቀለም የተሠራ ማቅጠኛ ከሁለት እስከ ሦስት ጠብታ ይበቃል። ጨምረሽ ጠርሙሱን በመዳፎችሽ መሃል አንከባልዪው፤ ከናጥሽው አረፋ ይይዛል።