አምፖሉን ከማተለቅህ በፊት ቦታውን ቀይር

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ከቤትህ ጀርባ ባለች 3 በ4 ሜትር የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንጨት ትሠራለህ። ጣሪያው መሀል አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ሥራህን በስልክ ስትቀርጽ እጅህ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ምስሉ ላይም ጥቁር መስመሮች ይሮጣሉ። «ትልቅ አምፖል ልግዛ?» ነው ጥያቄህ።

አትግዛ። አምፖሉ ከጀርባህ ስለሆነ ጥላውን የሚጥለው የራስህ ጭንቅላት ነው። ብርሃኑ ሲበረታ ጥላውም ይጠቁራል። ይልቅ 1.2 ሜትር የሚረዝሙ ባለ 18 ዋት የኤልኢዲ ቱቦዎች አራት ግዛ። ሁለቱን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ በአንተና በግድግዳው መካከል እሰራቸው። ሁለቱ ደግሞ በግራና በቀኝ ይሁኑ። አራቱም ተደምረው 72 ዋት ናቸው፤ ከአንድ የድሮ 100 ዋት አምፖል ያነሰ ይበላሉ። ግድግዳውንም ነጭ ቀባው። ኖራም ይበቃል፣ ለውጡን ራስህ ታየዋለህ።

ሁሉም ቱቦ አንድ ዓይነት ቀለም ይኑረው። እኛ ደሴ በክረምት ጉም ሲወርድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይም መብራት እናበራለን። ቢጫ አምፖል ከበሩ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ፊትህ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ይቀረጻል። ካርቶኑ ላይ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለውን ምረጥ።

ወደ መስመሮቹ እንምጣ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ርካሽ መብራት በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አይለየውም፣ ካሜራ ግን ይይዘዋል። የስልክህ ካሜራ «ፕሮ» የሚል ምርጫ ካለው፣ የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርገው። ከዚያ የሚሻለው ግን የማይርገበገብ ቱቦ መግዛት ነው። ሱቅ ውስጥ አስበራውና በስልክህ በስሎው ሞሽን ቅረጸው። ብልጭ ድርግም ካለ ተወው።

ይህን የምጨቀጭቅህ ለቪዲዮው ብቻ አይደለም። ቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን፣ እንዳለህ ነግረኸኛል። አራት ማዕዘን እንጨት በደቂቃ 1500 ዙር ሲሽከረከር፣ በእያንዳንዱ ብልጭታ መሀል ልክ ሩብ ዙር ይዞራል። አራቱ ጎኖቹ ስለሚመሳሰሉ እንዲህ ባለ መብራት ሥር የቆመ ሊመስልህ ይችላል። እጅህን ስትዘረጋ አስበው! ስለዚህ ብርህ ለአራቱም ጥሩ ቱቦ ካልበቃ፣ ጥሩውን መጀመሪያ ቶርኖው ላይ ስቀል። ገመድ ከመንካትህ በፊት ደግሞ ብሬከሩን አውርድ።