አካውንቲንግ ወይስ ኤሌክትሪክ? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ደሴ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስሽ፣ የሒሳብ ውጤትሽ ጥሩ ቢሆንም ሰው ፊት መናገር እንደሚያስፈራሽ፣ ቤተሰብሽ አካውንቲንግ እንድትማሪ ሲፈልግ አንቺ ግን ወደ ኤሌክትሪክ ሙያ እንደምታዘነብዪ ገልጸሽ፣ ጥንካሬሽንና ድክመትሽን በምን እንደምትለዪ ጠይቀሻል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኤሌክትሪክ ሙያ ያሠለጠንሁ በመሆኔ፣ ካየሁት ተነሥቼ እመልስልሻለሁ።

የፈተና ውጤት ስለ ጥንካሬሽ የሚናገረው ጥቂት ነው። በወርክሾፓችን ለሠልጣኞች ሆን ተብሎ ብልሽት የገባበት የሞተር መቆጣጠሪያ ይሰጣቸዋል፤ ማስነሻው ሲጫን ሞተሩ አይነሣም። አብዛኞቹ ኮንታክተሩን፣ ማለትም ኃይልን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ፈትተው ለመቀየር ይቸኩላሉ። አልፎ አልፎ ግን የቮልቴጅ መለኪያውን መልቲሜትር አንሥታ ከፊውዙ የምትጀምር ትገኛለች፤ እዚያ ቮልቴጅ መኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ጭነት ሲበዛ ሞተሩን ወደሚያቆመው ኦቨርሎድ ሪሌይ፣ ከዚያም ወደ ማቆሚያውና ወደ ማስነሻው፣ በመጨረሻም ወደ ኮንታክተሩ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) እያለፈች መሥመሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ትፈልጋለች፤ ስታገኘውም ማንም ሳያዝዛት ምክንያቱን በደብተሯ ታሰፍራለች። ይህ ትዕግሥት በውጤት ካርድ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም፤ በሙያው ውስጥ ግን ትልቅ ሀብት ነው። የሚያሳዝነው፣ እንዲህ ያሉ ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ጎበዝ ብለው አለመቁጠራቸው ነው፤ ሳይጨነቁ የሚሠሩት ነገር ለሰው ሁሉ የሚቀል ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሳትታዘዢ እስከ መጨረሻው የምትሠሪው ምን እንደሆነ፣ ጎረቤትም የሚጠራሽ ሒሳብ እንድታሰዪለት ይሁን ወይስ ያልሞቀ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንድታዪለት፣ ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ቤተሰብሽንም ስለ ምኞታቸው ብቻ ሳይሆን ከልጅነትሽ ጀምሮ ስላዩብሽ ነገር ጠይቂያቸው፤ እነሱ የሚያስታውሱትን አንቺ ረስተሽው ይሆናል።

ድክመትን በተመለከተ፣ ልምድ በማጣት የመጣውን ከማይለወጠው መለየት ያስፈልጋል። ሰው ፊት የመናገር ፍርሃት በአብዛኛው በልምምድ የሚቀንስ ነው። ከዚህም በላይ በሁለቱ ሙያዎች መካከል ሊያስመርጥሽ አይችልም፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቧን ለሥራ አስኪያጅና ለኦዲተር ታስረዳለች፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዋም ብልሽቱን ለባለ ንብረቱ ማስረዳት አይቀርላትም። በአንጻሩ ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ሰው ሽቦዎችን በቀለማቸው መለየት ስለሚያዳግተው፣ ለዚህ ሙያ ከባድ እንቅፋት ይሆንበታል። ከመመዝገብሽ በፊት ዓይንሽን ተመርመሪ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ የሙያ ምክር ቢሮ ያቋቋመው ፍራንክ ፓርሰንስ፣ ሰው ራሱን ማወቅ፣ የሥራውን ጠባይ ማወቅና ሁለቱን በማስተዋል ማገናዘብ እንዳለበት ያስተምር ነበር። በእኛ አካባቢ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው። ወጣቶቻችን የሙያውን ስምና ደመወዝ ይጠይቃሉ እንጂ፣ ባለሙያው ከጠዋት እስከ ማታ ምን እየሠራ እንደሚውል አይጠይቁም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ለደሴ ቅርብ ናቸው። እዚያ የሚሠራ የጥገና ባለሙያ የምታውቂ ከሆነ፣ ማሽን ቆሞ የምርት ኃላፊው አጠገቡ እየተጠባበቀ፣ በሌሊት ፈረቃ ብልሽት መፈለግ ምን እንደሚመስል ጠይቂው። የሒሳብ ሠራተኛም ፈልገሽ፣ ወር ሲዘጋ ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ሲያመሳክር የሚያጋጥመውን ጠይቂ። ከሁለቱ አድካሚ ሰዓቶች የትኛውን እንደምትችዪ መልስሽን በጽሑፍ አስቀምጪው።

የገለጽሽው ዝንባሌ እውነተኛ ከሆነና ዓይንሽም ጤነኛ ከሆነ፣ እኔ የምመክርሽ ኤሌክትሪክን ነው። የሒሳብ ችሎታሽ እዚያም አይባክንም፤ የሽቦ ውፍረት የሚመረጠውም ሆነ የሞተር ጭነት የሚታወቀው በስሌት ነው። ውጤትሽ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባሽ ከሆነ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ኮምቦልቻ ይገኛል፤ ካልሆነም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከደረጃ ወደ ደረጃ እያደግሽ መሄድ ትችያለሽ።