ጓደኛዬ ሐኪም ቤት አልሄድም አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ ከወር በላይ ሌሊት አይተኛም፤ ክፍል መግባት ትቷል፤ ምግብም አስጠልቶታል። ክሊኒክ እንሂድ ስለው «እብድ ነው ይሉኛል» ብሎ እምቢ አለ። እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ የፈራው የሰው አፍ ነው። ወረፋ ላይ ማን ያየኛል፣ ወሬው ዲፓርትመንት ይደርስ ይሆን፣ ቤተሰብ ቢሰማስ እያለ ይጨነቃል። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር ይጠብቃል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ለመምህርም ሆነ ለዶርም ልጆች አይናገርም። ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

ብዙ ተማሪ ደግሞ የፈተና ድካም ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ጓደኛም «አብሽር» ብሎ ያልፈዋል። ሐዘኑ ወይም ፍላጎት ማጣቱ 2 ሳምንት ከቆየና እንቅልፉንና ትምህርቱን ከነካ ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ሲያነጋግሩት ከእንቅልፉ ይጀምሩ፤ «እንቅልፍ ማጣትህን እናሳይ» ይበሉት። እውነተኛ ምልክት ስለሆነ ማታለል አይደለም። ደግሞም ብቻውን አይላኩት! እሺ ያለ ተማሪ እንኳ ካርድ ክፍሉ በር ደርሶ ይመለሳል። ቀን ቆርጠው አብረውት ይሂዱ። ክሊኒኩ ሪፈር ከጻፈለት ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ በሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሐኪሙ ስለ ጫትና መጠጥ ይጠይቀዋል፤ ጫት እንቅልፍ ስለሚያሳጣ የሚቅመውን መጠን አይደብቅ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ሊታዘዝለት ይችላል።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ የምክር አገልግሎት ብቻውን ሊበቃው ይችላል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ከታዘዘለት ብዙውን ጊዜ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ይወሰዳል። ሱስ አያስይዝም። ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ጥቅሙ መታየት እስኪጀምር ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቋርጡት በዚህ መሐል ነው። ጠበል ቢጠመቅ ወይም ዱዓ ቢያስደርግ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል፣ እረፍት ካጣ ቶሎ ወደ ሐኪሙ ይመልሱት።

«ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቡ ያርቁ፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።