አፍ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ለምትሰሩ ልጆቼ

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። በጥርስ ሕክምና ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሰው ሰራሽ ጥርስ በመስራት ነው፤ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን)፣ ብሪጅ (የጎደለውን ጥርስ ቦታ በጎረቤቶቹ ላይ ተደግፎ የሚሞላ)፣ ተነቃይ ጥርስ። ሁሉም የሚጀምረው ከልክ ነው። ልብስ ሰፊ በሜትር ይለካል። እኛ የምንለካው በሊጥ ነው። የሚረጋ ሊጥ ትሬይ ላይ፣ ማለትም እጀታ ባለው የመንጋጋ ቅርጽ ማቀፊያ ላይ፣ እናደርጋለን፣ ጥርሱ ላይ እንጭነዋለን፣ ሲረጋ እናወጣዋለን። በቀረው ጉድጓድ ውስጥ ጀሶ እናፈስበታለን። ጀሶው ሲጠነክር የታካሚው መንጋጋ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን ልክ እኛ ባለሙያዎቹ ኢምፕሬሽን እንለዋለን።

በቅርቡ ሦስት የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በ3ዲ ፕሪንተር የሰሩትን ትሬይ ይዘውልኝ መጡ። ደስ አለኝ። አዙሬ አየሁት፣ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ለስልሷል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ከአፍ እንዴት ይወጣል?» ዝም አሉ። ስዕላቸው፣ ልኬታቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ አፍ ውስጥ ስለመግባቱ ነበር። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ያ ዝምታ ነው። ጅማም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር የምትሞክሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ልጆቼ፣ የኢምፕሬሽን መሣሪያ የሚፈተነው ሲወጣ ነው። መግባትማ ማንኛውም ነገር ይገባል።

የሙያውን ታሪክ ብታዩት ራሱ የማውጣት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1756 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ 2ኛ የጥርስ ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ፕፋፍ በሰም ልክ ስለመውሰድና ጀሶ ስለማፍሰስ ጻፈ። ሰሙን በአንድ ጊዜ አልነበረም የሚወስደው። ግማሹን መንጋጋ ለብቻ፣ ግማሹን ለብቻ ወስዶ ያገጣጥመዋል። ለስላሳ ሰም ሙሉውን ሲያወጡት ይጣመማላ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጀሶውን ራሱን አፍ ውስጥ ያስገቡት ጀመር። ጀሶ ልክ ይወስዳል፤ ነገር ግን ጥርሱ ከስር ቀጠን በሚልበት ቦታ ይይዝና አልወጣም ይላል። ስለዚህ ሰባብረው ያወጡትና ስብርባሪውን አንድ በአንድ ይገጥሙት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ታካሚው ቁጭ ብሎ አፉ ውስጥ ጀሶ ሲሰበር። ከዚያ እንደ ጎማ የሚለጠጡ ነገሮች መጡ። አጋር የሚባለው ከባሕር አረም የሚሰራ ነበር፤ በብዛት የሚመጣው ከጃፓን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያ ሲቋረጥ ከሌላ ዓይነት የባሕር አረም የሚሰራው አልጂኔት ቦታውን ያዘ። ዛሬም በየክሊኒኩ የምናቦካው እሱን ነው። ቁሱ የተቀየረው በአብዛኛው «እንዴት ሳይበላሽ ይውጣ?» በሚል ጥያቄ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት እናት መጡ። ታችኛው መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ አልቀረም። ያነሳሁት ትሬይ ጥርስ ላለው ሰው የተሰራ ነበር፤ እጀታው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ጥርስ ያለው ሰው ላይ ችግር የለውም። ትሬዩ ጥርሶቹን ለማቀፍ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እጀታው ከከንፈር በላይ ያልፋል። ጥርስ በሌለበት ግን ትሬዩ እስከ ድድ ይወርዳል። እጀታውም ከንፈር ላይ ይተኛል። እኔ ይህን አላስተዋልኩም። አልገባ ሲለኝ ጫን አደረግኩት። የታችኛው ከንፈራቸው በእጀታው ስር ተጣጠፈ። የጋውኔን እጅጌ ጭምድድ አድርገው ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እንዴት ይተንፍሱ፣ አፋቸው ሙሉ ነው።

ጥርሱ ተሰርቶ ወሰዱ። በሳምንታቸው ተመለሱ። «ልጄ፣ ሳወራ ደህና ነው። ጉርሻ ልቀበል አፌን ስከፍት ግን ይነሳብኛል» አሉኝ። እስቲ ያሳዩኝ አልኳቸው። ሰፋ አድርገው ከፈቱ። የታችኛው ጥርስ ከድዱ ብድግ አለ። መጀመሪያ የላብራቶሪ ስህተት መሰለኝ። የጀሶ ሞዴሉን አውጥቼ አገላብጬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ከንፈሩ በእጀታው ተጨቁኖ ስለነበር የፊተኛው ጠርዝ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ ተለክቷል። ከንፈራቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያንን የተረፈ ጠርዝ እየገፋ ያነሳዋል። ጥፋቱ የኔ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ሰራሁላቸው። ያቺ የተጨበጠች እጅጌ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ጥርስ ለሌለው አፍ የሚሰራውን ትሬይ እጀታ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ወደ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ደረጃ ወደ ፊት ይታጠፋል። ከንፈር ከስሩ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ይህችን እጥፋት ስዕል ላይ ስትሰርዟት «ቀለል እንዲል» ብላችሁ ነው። አትሰርዟት።

ስለ አወጣጡ ደግሞ እጃችሁ ይወቀው። አልጂኔት እንደ እርጎ ይረጋል። መደበኛው ዓይነት ማቡካት ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚረጋው። አንዴ ከረጋ በኋላ ጠባዩ የተለየ ነው። እያወዛወዙ ቀስ በቀስ ሲጎትቱት ይቀደዳል፣ የተለጠጠውም ተለጥጦ ይቀራል። ጉንጩን ከፈት አድርገው አየር ካስገቡለት በኋላ በአንዴ ቀጥ አድርገው ሲነቅሉት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ስለዚህ እጀታው ይህን ድንገተኛ ንቅለት የሚችል መሆን አለበት። ከትሬዩ ጋር የተያያዘበት ቦታ ትንሽ እንኳ ከታጠፈ ኃይሉ በአንድ በኩል ብቻ ይሄዳል፣ ልኩም አብሮ ይጣመማል። የእርጥብ ጓንት ነገርም አለ። ምራቅ የነካ ጓንት ያንሸራትታል። እጀታው ላይ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ወይም ቀዳዳ አድርጉለት።

የትሬዩ ግድግዳ ጥንካሬ ሌላው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስስ ፕላስቲክ ትሬይ ላይ ጠጠር ያለ የሲሊኮን ሊጥ አድርጋችሁ ስትጫኑ ግድግዳው ወደ ውጭ ይከፈታል። ሊጡ እንደተከፈተ ይረጋል። ከአፍ ሲወጣ ግን ፕላስቲኩ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጥርሱም ልክ አብሮት ይጠብባል። ይህ በዓይን አይታይም። ክራውኑ ሞዴሉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ታካሚው አፍ ውስጥ ግን አልገባም ይላል። ሐኪሙ ላብራቶሪውን ይወቅሳል፣ ላብራቶሪው ሐኪሙን። ጥፋተኛው ግን ዝም ብሎ ቅርጫት ውስጥ ተኝቷል። 3ዲ ፕሪንት ስታደርጉ ለፕላስቲኩ ስትሳሱ ይህን አስታውሱ። በሁለት ጣት ጎንና ጎኑን ጨምቁት። ከተጨመቀ ገና ነው።

አልጂኔት ብረት ላይ በራሱ አይጣበቅም። ቀዳዳ ወይም ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ ይፈልጋል፣ ማጣበቂያም ይቀባለታል። ቀዳዳው በጣም ከጠበበ ሊጡ አልፎ እንደ ቁልፍ አይያዝም። በጣም ከሰፋ ሊጡ ሁሉ ወደ ውጭ ይፈስና ግፊት ይጠፋል። በትሬዩና በጥርሱ መካከል ደግሞ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ለአልጂኔቱ ተዉለት። ከዚያ ከሳሳ ሲወጣ ይቀደዳል።

አንድ ጊዜ የእጀታ ሐሳቤን በቆርቆሮ ቆርጬ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወሰድኩ። አፍ ውስጥ ለማስገባት አይደለም፤ ጀሶ ሞዴል ላይ ለመሞከር ነው። እንዲህ ያለ ሙከራ ሰው አፍ ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡ። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ወንድሜ ዞር ዞር አድርጎ አየውና «ይሄ ዕቃ ይታጠባል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «በምን?» በብሩሽ። ብሩሹን አምጣ አለ። ሳመጣለት ወደ ማዕዘኑ አስጠግቶ አሳየኝ፤ የብሩሹ ጸጉር አይደርስም። ቆሻሻ የሚቀመጥበትን ቤት በገዛ እጄ ሰርቼለት ነበር። እሱ በመዶሻው ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጎ ማዕዘኑን አከበበው። ስለ ጥርስ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ዕቃ ግን ያውቃል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሳታማክሩ ምንም ነገር አትጨርሱ።

መውጣት ስል ቆሻሻውም መውጣት አለበት ማለቴ ነውና ማጽዳትን እዚሁ ልጨርሰው። ዕቃው አውቶክሌቭ ውስጥ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን ውስጥ፣ ይገባል፤ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ 3 ደቂቃ። የመረጣችሁት ፕላስቲክ ይህን ካልቻለ ከአንድ ሰው በላይ ሊያገለግል አይችልም። «ውሃ ውስጥ ቀቅለን እንጠቀምበታለን» የሚል ሐሳብ አሁንም እሰማለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። በየትም አገር ቢሆን መቀቀል አያመክንም፣ እዚህ ደግሞ ይብሳል። በረኪናም ብረት ይበላል። አሉሚኒየም ትሬይ በረኪና ውስጥ ሲያድር አይቼ አዝኛለሁ።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ። የመስኮት ሲሊኮን የሚገፋውን ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ታውቁታላችሁ። የኛም ይመስለዋል፤ ግን ሁለት በርሜል ያለው ካርትሪጅ ነው የሚይዘው። ሁለቱ ቁሶች እኩል እየወጡ ጫፉ ላይ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይደባለቃሉ። ቱቦው ውስጥ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚጠመዝዙ ክንፎች አሉ። ጎበዝ ፈጠራ ነው። ችግሩ ኃይል መጠየቁ ነው። አብራኝ የምትሰራ እህት ነበረች፤ እጇ ትንሽ ነው። ምላጩን በአንድ እጅ መጨበጥ ስለሚያቅታት በሁለት እጅ ትጫናለች። ታዲያ ጉንጩን ማን ይያዝ? ጉንጩ ይመለሳል፣ ምራቅ ይገባል፣ ልኩ ላይ አረፋ ይወጣል። ሰዉ «እጇ ይንቀጠቀጣል» ይላት ነበር። እጇ ምንም አልሆነም። መሣሪያው የተሰራው ለሷ እጅ አልነበረም። ምላጩ ረዘም ቢል፣ በአንድ ጭብጥ የሚገፋው መጠን ቢቀንስ፣ የቱቦው ቀዳዳ በጥቂቱ ቢሰፋ ኃይሉ በብዙ ይቀልላል። የጎልማሳ ወንድ መዳፍ ለክታችሁ «መካከለኛ እጅ» አትበሉ። በሙያችን ውስጥ ብዙ ሴቶች አሉ። ግራኝም አለ። ሁሉም ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰራው።

በዚህ ላይ አንድ ምስጢር ልጨምር። አብዛኛው የኛ ሲሊኮን ከድኝ ጋር አይስማማም። የላቴክስ ጓንት ድኝ ስላለበት፣ በእሱ የተነካ ሲሊኮን ላዩ ሳይረጋ ይቀራል፣ እንደ ማር ይጣበቃል። ስለዚህ ለእጀታችሁ ጎማ ስትመርጡ ድኝ ያለበት እንዳይሆን ጠይቁ። ስንት ልክ በዚህ ምክንያት ተበላሽቶ «ዕቃው ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ተጥሏል!

«አፍ ውስጥ ገብቶ ጥርስን በካሜራ የሚለካ ስካነር እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የምትሉኝ አላችሁ። ስካነርን እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዙሪክ ላይ በአፍ ውስጥ ካሜራ ተለክቶ በማሽን የተሰራ ሙሌት ታካሚ አፍ ውስጥ ሲገባ ሙያው ተቀይሯል። ነገር ግን ስካነርም የእጅ መሣሪያ ነው። ጫፉ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጋ መድረስ አለበት፣ በትንፋሽ መጨጎግ የለበትም፣ መጽዳት አለበት። ጥርስ የሌለው፣ ድዱ የሚላላ አፍ ላይ ደግሞ ዛሬም ሊጡን የሚያህል አላገኘሁም። ለሁለቱም የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታካሚው አፉን በጣም ሲከፍት ጉንጩ ይወጠርና ከኋላ ቦታ ይጠባል። «ትንሽ ገጠም ያድርጉት» በሏቸው። ቦታው ይሰፋል። መሣሪያችሁን ስትለኩም በጣም የተከፈተ አፍ ብቻ አትለኩ።

ለእነዚያ ሦስት ልጆች የሰጠኋቸውን ሥራ ለእናንተም ልስጥ። የምትሰሩትን ነገር ከመሳላችሁ በፊት አንድ የጥርስ ሐኪም ለምኑና በደንብ በጸዳ ትክክለኛ ትሬይ የራሳችሁን የላይኛው መንጋጋ ልክ ይውሰድላችሁ። ወንበሩን ቀና ያድርገው። አንገታችሁን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርጉ፣ በአፍንጫ ተንፍሱ። ሊጡ ወደ እንጥላችሁ ሲጠጋ ሆዳችሁ የሚገለባበጥበትን ደቂቃ ቁጠሩ። እጃችሁ ምን እንደሚጨብጥ ልብ በሉ። ሲነቀል ከንፈራችሁ የት ጋ እንደታመመ በእስክሪብቶ ጻፉት። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑና ስለ እጀታው እንነጋገራለን።